ባለቤቶቹ ያልፈረሙት የኒውክሌር እገዳ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «በ2017 ከ120 በላይ አገሮች የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ይታገድ ብለው ድምፅ ሰጡ ይባላል። ቦምቡ ያላቸው ግን አንዳቸውም አልፈረሙም። ታዲያ ባለቤቶቹ ያልፈረሙት ስምምነት ከወረቀት በምን ይሻላል? ወረቀት ብቻ ከሆነስ ታላላቆቹ መንግሥታት ለምን እንዲህ አምርረው ይቃወሙታል? እኛ ኢትዮጵያውያንንስ ምን አገባን?»

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ተማሪዎቼም በየዓመቱ ያነሱታል። ብዙዎቹ ግን እዚያው ላይ ያቆማሉ። እርስዎ ሁለተኛውን ስለጨመሩበት አመሰግናለሁ፤ የመልሱ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። ምንም የማያመጣ ወረቀት ለማስቀረት ማንም መንግሥት ያን ያህል ጊዜና ጉልበት አያጠፋም። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስምምነቱን በአጭሩ። የኒውክሌር ጦር መሣሪያዎች እገዳ ስምምነት ጁላይ 7፣ 2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጸደቀ። 122 አገሮች ደገፉት። ኔዘርላንድስ ተቃወመች፣ ሲንጋፖር ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ድርድሩን የመሩት የኮስታ ሪካዋ አምባሳደር ኢሌይን ዋይት ጎሜዝ ነበሩ። ሆንዱራስ 50ኛዋ አጽዳቂ አገር ከሆነች በኋላ ስምምነቱ ጃንዋሪ 22፣ 2021 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ70 በላይ አባላት አሉት። ቦምቡን መሥራት፣ መሞከር፣ መያዝ፣ መጠቀም፣ በቦምቡ ማስፈራራት፣ የሌላ አገር ቦምብ በራስ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ ይህን የሚያደርገውን መርዳት፤ ሁሉም ክልክል ነው።

ቦምቡ ያላቸው ዘጠኝ አገሮች ናቸው፦ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ፈረንሳይ፣ ብሪታንያ፣ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ እስራኤልና ሰሜን ኮሪያ። እስራኤል አለኝም የለኝም ብላ አታውቅም። በዘጠኙ እጅ ከ12 ሺህ በላይ የኒውክሌር አረር አለ። 90 በመቶ የሚሆነው የአሜሪካና የሩሲያ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቁጥሩ 70 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። ይህን የምጠቅሰው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። መቀነስ ይቻላል፤ ተሠርቶም ታይቷል። ችግሩ የሚጀምረው ወደ ዜሮ መውረድ ሲነሳ ነው።

አሁን ወደ እምቢታው። ሥሩ ያለው በ1968 ነው። በዚያ ዓመት ለፊርማ የቀረበው የኒውክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነት፣ በአጭሩ ኤንፒቲ፣ ሰጥቶ መቀበል ነበር። ቦምቡ የሌላቸው አገሮች «አንሠራም» ብለው ፈረሙ። በምላሹ ለሰላማዊ አገልግሎት የሚውል ቴክኖሎጂ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ አንቀጽ 6 ተሰጣቸው። በዚህ አንቀጽ ፈራሚዎቹ ሁሉ፣ በተለይም ቦምብ የታጠቁት፣ የኒውክሌር ትጥቅን ለማስወገድ በቅን ልቦና ለመደራደር ቃል ገቡ። መቼ? ቀን አልተቆረጠም። ብዙው ጣጣ የመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1970 ነው። 25 ዓመት ሲሞላው፣ በ1995፣ ይራዘም ወይስ አይራዘም የሚለው ለውሳኔ ቀረበ። ቦምቡ የሌላቸው አገሮች ያን ጊዜ በእጃቸው ትልቅ መደራደሪያ ነበራቸው። «እናንተ ካልቀነሳችሁ እኛም አናራዝምም» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ላልተወሰነ ጊዜ እንዲራዘም ተስማሙና ተስፋ ተቀበሉ። በእኔ እምነት ከዚያ በኋላ ላለው መጓተት ትልቁ ምክንያት ይህ ውሳኔ ነው። በ2000 በተካሄደው የኤንፒቲ የግምገማ ጉባኤ ደግሞ 13 ተግባራዊ እርምጃዎች ተዘረዘሩ። የመጀመሪያው የኒውክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው ስምምነት ፈጥኖ ሥራ ላይ ይዋል የሚል ነበር። ያ ስምምነት በ1996 ለፊርማ የቀረበ ነው፤ እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። የአሜሪካ ሴኔት በ1999 በ51 ለ48 ድምፅ ጣለው። ሩሲያ አጽድቃው ነበር፤ በ2023 ማጽደቋን ሰረዘች።

መንግሥታት በአብዛኛው ፊት ለፊት «ትጥቅ አንፈታም» አይሉም። «እኛም ከኒውክሌር የጸዳ ዓለም እንፈልጋለን፣ ግን ጊዜው አሁን አይደለም» ነው የሚሉት። ሥራውን የሚሠራላቸው የስብሰባ ደንብ ነው። ጄኔቫ ያለውን የትጥቅ ማስፈታት ጉባኤ ይመልከቱ። 65 አባላት አሉት፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። እዚያ ማንኛውም ነገር የሚያልፈው ሁሉም ሲስማሙ ብቻ ነው። አንድ አገር ካልፈለገ የሥራ መርሐ ግብር እንኳ አይጸድቅም። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ1996 ወዲህ ጉባኤው አንድም ስምምነት ተደራድሮ አላወጣም። ለቦምብ የሚሆን ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ማምረት ይቁም በሚለው ድርድር ላይ ለዓመታት መንገድ የዘጋችው ፓኪስታን ናት። በሌሎች ጉዳዮች ደግሞ ሌሎች። ዲፕሎማቶቹ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፣ ንግግር ያሰማሉ፣ ይበተናሉ።

የኤንፒቲ የግምገማ ጉባኤዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የ2005ቱ ያለ ውጤት ተበተነ። የ2015ቱ በመካከለኛው ምሥራቅ ጉዳይ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ካናዳ አንስማማም በማለታቸው ከሸፈ። የ2022ቱን ደግሞ ሩሲያ ጣለችው፤ ሰነዱ በዩክሬን ስለሚገኘው የዛፖሪዢያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ በማንሳቱ። ልብ ይበሉ፣ ምዕራቡም ምሥራቁም በተራው ያንኑ ደንብ ይጠቀማል። በሌላው ነገር ሁሉ የሚጣሉ መንግሥታት በዚህ ላይ ሲደርሱ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ሌላው በር ፍርድ ቤት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሄጉን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት «በኒውክሌር ጦር መሣሪያ ማስፈራራት ወይም መጠቀም ሕጋዊ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ቦምብ ያላቸው አገሮች ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ጭራሽ እንዳይመልስ ተከራከሩ። ጁላይ 8፣ 1996 መልሱ መጣ። ማስፈራራቱም መጠቀሙም በጥቅሉ የጦርነት ሕግን እንደሚጻረር ፍርድ ቤቱ ተናገረ። ነገር ግን የአንድ አገር ህልውና አደጋ ላይ በሚወድቅበት ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት እንደማይችል ጨመረ። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው ነበር፤ ያጋደለው የፕሬዚዳንቱ የአልጄሪያዊው መሐመድ ቤጃዊ ድምፅ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ግን ዳኞቹ በሙሉ ተስማሙ። በቅን ልቦና መደራደር ብቻ አይበቃም፤ ድርድሩን እስከ ፍጻሜ የማድረስ ግዴታ አለ።

በዚህ ላይ ቆማ የከሰሰች አገር አለች፤ ማርሻል ደሴቶች። አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 በእነዚህ ትንንሽ የፓሲፊክ ደሴቶች ላይ 67 የኒውክሌር ሙከራዎች አድርጋለች። ማርች 1፣ 1954 የፈነዳው ብራቮ የተባለው ቦምብ ብቻ 15 ሜጋቶን ነበር፤ መሐንዲሶቹ ከጠበቁት ከእጥፍ በላይ። አመዱ ሮንጌላፕ በተባለው ደሴት ነዋሪዎች ላይ ዘነበ። ያን ዕለት ሰማዩ ሲቀላ ከሌላ ደሴት ሆኖ ያየ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ቶኒ ዴብረም ይባላል። አድጎ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በ2014 ማርሻል ደሴቶች ዘጠኙንም ባለ ቦምብ አገሮች ሄግ ላይ ስትከስ ከፊት የነበረው እሱ ነው። ካሳ አልጠየቁም። የጠየቁት «ቃላችሁን ጠብቁ፣ ተደራደሩ» የሚል ብቻ ነበር።

ስድስቱ አገሮች የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አስቀድመው ስላልተቀበሉ ክሱ ወደፊት የሄደው በብሪታንያ፣ በህንድና በፓኪስታን ላይ ብቻ ሆነ። ኦክቶበር 5፣ 2016 ፍርድ ቤቱ ክሱን ሳይመረምር ዘጋው። ምክንያቱ፣ ክሱ ሲመሠረት በተከራካሪዎቹ መካከል «አለመግባባት» መኖሩ አልታየም የሚል ነበር። በብሪታንያ ጉዳይ ዳኞቹ ስምንት ለስምንት ሆነው፣ ያጋደለው አሁንም የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው። ሕግ ሳስተምር ይህን ፍርድ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ ሳነበው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። 67 ጊዜ ቦምብ የፈነዳበት ሕዝብ ክርክሩ እንዲሰማለት እንኳ አልተፈቀደም።

ደንቡም ፍርድ ቤቱም መንገድ ሲዘጉ ቦምቡ የሌላቸው አገሮች አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ቦታ ቀየሩ። ጥያቄውንም ቀየሩ። እስከዚያ ድረስ ወሬው ሁሉ ስለ ሚሳይል ቁጥርና ስለ ኃይል ሚዛን ነበር። ከ2013 ጀምሮ በኦስሎ፣ በሜክሲኮዋ ናያሪትና በቪየና በተደረጉ ሦስት ጉባኤዎች ጥያቄው «አንድ ቦምብ ቢፈነዳ ሰው ምን ይሆናል?» ወደሚለው ዞረ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለተጎጂዎቹ በቂ እርዳታ ማድረስ የሚችል አቅም በዓለም ላይ እንደሌለ ተናገረ። ኦስትሪያ፣ አየርላንድ፣ ሜክሲኮ፣ ብራዚል፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ከፊት ሆኑ። የሲቪል ማኅበራት ጥምረት የሆነው አይካን በየአገሩ ቀሰቀሰ፤ በ2017 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘውም ለዚህ ነው። ሽልማቱን ከተቀበሉት አንዷ ሴትሱኮ ተርሎው ሂሮሺማ ሲመታ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጉዳዩ በሙሉ ስምምነት ከሚሠራው ጄኔቫ ወጥቶ በድምፅ ብልጫ ወደሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤ ሄደ። እዚያ አንድ አገር ብቻውን በር መዝጋት አይችልም።

ይህ ሲሆን ነው እምቢታው ከመጋረጃ ጀርባ የወጣው። በኦክቶበር 2016፣ የእገዳው ድርድር ይጀመር በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩት፣ አሜሪካ ለኔቶ አጋሮቿ ሰነድ በተነች። ድምፀ ተአቅቦ እንኳ እንዳያደርጉ፣ በግልጽ «አይሆንም» እንዲሉ ጠየቀች። ሰነዱ ስምምነቱ በአጋሮች መሬት ላይ ቦምብ ማስቀመጥን፣ የመርከብና የአውሮፕላን እንቅስቃሴን፣ የጋራ ዕቅድን ሁሉ ሊያውክ እንደሚችል ይዘረዝራል። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ባራክ ኦባማ ነበሩ፤ በ2009 ፕራግ ላይ ከኒውክሌር ነጻ ስለሆነ ዓለም የተናገሩትና በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ያገኙት። «ወረቀት ብቻ ነው» ለሚል ሰው ይህን ሰነድ አሳየዋለሁ። የፔንታጎን ዕቅድ አውጪዎች ወረቀት ብቻ ነው ብለው አላሰቡም።

ድርድሩ ማርች 27፣ 2017 ሲከፈት የአሜሪካዋ አምባሳደር ኒኪ ሄይሊ ከብሪታንያና ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር ከአዳራሹ ውጭ ቆመው መግለጫ ሰጡ። 40 የሚሆኑ አገሮች ድርድሩን እንደማይሳተፉ ተነገረ። ስምምነቱ በጸደቀ ዕለት ሦስቱ አገሮች መቼም አባል እንደማይሆኑ በጋራ አስታወቁ። ስዊድን ድምፅ ሰጥታ ደግፋ ነበር፤ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ማቲስ ለስዊድን አቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። በ2019 ስዊድን እንደማትፈርም አስታወቀች። በ2020 ደግሞ ስምምነቱ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ሲቀረው፣ አሜሪካ ላጸደቁት አገሮች «ስህተት ሠርታችኋል፣ ሰነዱን መልሳችሁ ውሰዱ» የሚል መልእክት ላከች። አንድም አገር መልሶ አልወሰደም።

ግፊቱ አዲስ አይደለም። ኒውዚላንድ በ1985 ኒውክሌር የጫነ ሊሆን ይችላል በሚል አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ወደቧ እንዳይገባ ከለከለች። አሜሪካ በማግሥቱ ዓመት ለኒውዚላንድ የገባችውን የመከላከያ ግዴታ አቋረጠች። ኒውዚላንድ በ1987 ክልከላውን ሕግ አደረገችው፤ ሕጉ ዛሬም አለ። በዚያው 1985 የፈረንሳይ ሰላዮች በፓሲፊክ የሚደረገውን ሙከራ ለመቃወም የተዘጋጀችውን የግሪንፒስ መርከብ «ሬይንቦው ዎሪየር»ን ኦክላንድ ወደብ ላይ በፈንጂ አሰመጡ። አንድ ፎቶ አንሺ ሞተ። የፈረንሳይ መንግሥት መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ አመነ።

እሺ፣ ለምን? የመንግሥታቱን ክርክር በቅንነት ላስቀምጠው፤ ያለበለዚያ መልስ መስጠት አይቻልም። «ቦምቡ ጦርነት ያስቀራል» ይላሉ። ማንም የሚያጠፋውን አገር አይነካም። ምሳሌም ያቀርባሉ። ዩክሬን በ1994 በቡዳፔስት ሰነድ ሩሲያ፣ አሜሪካና ብሪታንያ ድንበሯን እንደሚያከብሩ ቃል ገብተውላት፣ በመሬቷ ላይ የነበሩትን የሶቪየት አረሮች አስረከበች። በ2014 እና በ2022 የሆነውን ዓለም አየ። ሊቢያ በ2003 ፕሮግራሟን ተወች፤ ጋዳፊ በ2011 ተገደሉ። ሰሜን ኮሪያ ይህን በደንብ አጥንታለች።

ይህን ክርክር አላቃልለውም። ዋርሶ ወይም ሴኡል ብኖር ኖሮ እኔም ሌሊት ያሳስበኝ ነበር። ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል። የዩክሬን አረሮች ማዘዣ ኮድ ሞስኮ እንጂ ኪየቭ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ቦምቡ ወረራን ያስቀራል ብቻ ሳይሆን ወረራን ይከልላል። ጃንዋሪ 2022 አምስቱ ታላላቅ አገሮች «የኒውክሌር ጦርነት አሸናፊ የለውም፣ ፈጽሞም መደረግ የለበትም» ብለው የጋራ መግለጫ አወጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፣ ሌሎች እንዳይገቡም በኒውክሌር አስፈራራች። ሦስተኛ፣ ክርክሩ ትክክል ከሆነ ለሁሉም ትክክል ነው። ቦምብ ለፓሪስ ዋስትና ከሆነ ለሪያድ፣ ለአንካራ፣ ለካይሮ ለምን አይሆንም? ይህን ጥያቄ ለባለ ቦምብ አገሮች ዲፕሎማቶች አንስቻለሁ። የሰማሁት መልስ ሁሉ ሲጨመቅ «እኛ ኃላፊነት ይሰማናል፣ እነሱ ግን…» የሚል ነው።

ክብርና ገንዘብም አለበት። በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ ወንበር ያላቸው አምስቱም ባለ ቦምብ ናቸው፤ ማንም ያንን ማዕረግ መልቀቅ አይፈልግም። አይካን ባሰላው መሠረት ዘጠኙ አገሮች በ2023 ብቻ ከ90 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለኒውክሌር ትጥቅ አውጥተዋል። ከዚህ ገንዘብ የሚኖር ፋብሪካ፣ ወረዳና የምክር ቤት አባል አለ። በዚህ ላይ ብዙ ቃል አላባክንም፤ በየትኛውም የጦር መሣሪያ ንግድ ያለ ነገር ነው።

ጠበቅ ብሎ የሚመጣው ትችት የቁጥጥር ጉዳይ ነው። «አንዱ ቢደብቅስ?» እውነት ነው፣ የ2017ቱ ስምምነት በዚህ በኩል ስስ ነው። ቦምብ ያለው አገር ሲገባ ማን እንደሚቆጣጠር ዝርዝሩን ለወደፊት ትቶታል። ይህ መሻሻል አለበት። ነገር ግን የማይቻል አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ስድስት ቦምቦች ሠርታ ነበር። ራሷ ፈታታቻቸው። ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ በማርች 1993 ለፓርላማ ይፋ አደረጉ፤ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎችም ገብተው መዝገቡን ከቁሱ ጋር አመሳከሩ። ሙከራን በተመለከተ ደግሞ ዓለም ላይ ከ300 በላይ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች አሉ። ሰሜን ኮሪያ ከ2006 እስከ 2017 ያደረገቻቸው ስድስት ሙከራዎች በሙሉ ተይዘዋል። የመሬት መንቀጥቀጥን ከሚመዘግቡት የዚህ መረብ ጣቢያዎች አንዱ አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ። ባለቤቶቹ ያልፈረሙት እገዳ ምን ይጠቅማል? ለዚህ ከእኛ የበለጠ የሚመሰክር አገር ያለ አይመስለኝም።

በ1925 ጄኔቫ ላይ መርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም ተከለከለ። ጣሊያን በ1928 አጸደቀች። በ1935 መጨረሻ ግን አውሮፕላኖቿ ኢትዮጵያ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ማዝነብ ጀመሩ። ወታደር፣ ገበሬ፣ ከብት፣ ወንዝ አልተለየም። ጃንሆይ በጁን 1936 ጄኔቫ ድረስ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናገሩ። ማንም አልደረሰልንም። ወረቀቱ አላዳነንም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ግን ሕጉ በዚያ አልሞተም። የ1925ቱ ሰነድ የከለከለው መጠቀምን ብቻ ነበር፤ ማምረትና ማከማቸት አልተነካም። ያን ክፍተት የዘጋው የ1993ቱ የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነት ነው። በ1997 ሥራ ላይ ዋለ፣ ተቆጣጣሪ ድርጅትም ተቋቋመለት። አሜሪካና ሩሲያ በአሥር ሺዎች ቶን የሚቆጠር ክምችታቸውን አወደሙ። አሜሪካ የመጨረሻውን ያወደመችው ጁላይ 2023 ላይ ነው። ሶርያ ውስጥ እንደታየው ወንጀለኛ አልጠፋም። ነገር ግን ዛሬ «መርዝ ጋዝ አለኝ፣ በእሱ ነው የምከበረው» የሚል መንግሥት የለም። የተጠቀመውም ይክዳል። መጀመሪያ ክልከላው መጣ፣ ነውርነቱ ሥር ሰደደ፣ ማስወገዱ ተከተለ። በኒውክሌር ላይ እስካሁን ይህ አልሆነም። ቦምቡ ዛሬም በሰልፍ ላይ ይታያል፣ በምርጫ ዘመቻ ይወደሳል። የ2017ቱ ስምምነት የሚነካው ይህንኑ ክብር ነው። ምልክቱ መታየት ጀምሯል። የኔዘርላንድስ ትልቁ የጡረታ ፈንድ ኤቢፒ፣ አገሩ ስምምነቱን ብትቃወምም፣ በ2018 ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ አምራቾች ገንዘቡን እንደሚያወጣ አስታውቋል።

የጋዙን ጉዳት ቆረም አካባቢ በዓይናቸው ያዩ ማርሴል ጁኖ የተባሉ የቀይ መስቀል ሐኪም ነበሩ። እኚሁ ሰው በሴፕቴምበር 1945 አሥራ አምስት ቶን ያህል መድኃኒት ይዘው ሂሮሺማ ገቡ፤ ከውጭ ሐኪሞች ቀዳሚው ነበሩ። ሁለቱን መከራ ያገናኘ ሌላም ነገር አለ። ፈረንሳይ በፌብሩዋሪ 1960 የመጀመሪያውን ቦምቧን አልጄሪያ፣ ሰሃራ ውስጥ አፈነዳች። በማግሥቱ ዓመት ኢትዮጵያ ሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮችን አስተባብራ ለጠቅላላ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ አቀረበች። ኖቬምበር 24፣ 1961 በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ቁጥሩ 1653 ነው። ሰነዱ የ1925ቱን የጄኔቫ ክልከላ ጠቅሶ፣ የኒውክሌር ጦር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። እገዳ የሚፈረምበት ጉባኤ እንዲጠራም መንግሥታት እንዲጠየቁ አደረገ። ሶቪየት ኅብረት ደግፋለች፤ ወር ሳይሞላ በፊት በታሪክ ትልቁን ቦምብ ሞክራ ማለት ነው። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ጉባኤው ሳይጠራ ቀረ።

ከሃያዎቹ ተቃዋሚዎች መካከል ኮስታ ሪካ፣ አየርላንድ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ነበሩበት። በ2017 ድርድሩን የመራችው ኮስታ ሪካ ናት። አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ ከጠንሳሾቹ ናቸው። አራቱም ዛሬ የእገዳው አባላት ናቸው። «መንግሥታት መቼም አይለወጡም» ሲሉኝ የማነሳው ይህን ዝርዝር ነው። የአገሮቹ ሕዝብ ጠየቀ፣ ጎረቤት ሲሞከርበት አየ፣ መሪ ተቀየረ፤ አቋማቸውም ተቀየረ። 56 ዓመት ፈጅቷል። ረጅም ነው።

ኢትዮጵያስ ዛሬ የት ናት? በ2017 ድምፅ ሰጥታ ደግፋለች። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ግን ከፈራሚዎቹ አንዷ አልነበረችም። በሕግ በኩል የሚያግዳት ነገር አይታየኝም። የኤንፒቲ አባል ናት። አፍሪካን ከኒውክሌር ነጻ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነትም አጽድቃለች። አዲሱ ስምምነት ሠራዊቷ ላይ የሚጨምረው ሸክም የለም። መንግሥት ይፈርማል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፣ ሰነዱ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ይገባል። ከ90 ቀን በኋላ አባል ትሆናለች፤ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ «ቦምቡ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም» የሚል መግለጫ ታስገባለች። ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ የአሜሪካም የፈረንሳይም የጦር ሰፈር በመሬቷ እያለ፣ በጃንዋሪ 2023 ፈርማለች። የውሳኔ 1653 ጠንሳሽ የሆነች አገር ለምን እስካሁን እንደዘገየች መጠየቅ የሚገባን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የምክር ቤት ተወካዮቻችንን ነው። እርስዎም በጽሑፍ ሊጠይቋቸው ይችላሉ።